ጉዳዩ፦ በሰላም ስለተነሱ ሠላሳ ስድስት ቤቶች

መንግሥት ሰውን በሃምሳ አምስት ዓመቱ ጡረታ የሚያወጣው አስቦበት ነው። ሰው እስከዚያ ዕድሜው ድረስ ማኅተም ሲመታ፣ ፋይል ሲያወጣና ሲያገባ፣ "ነገ ተመለስ" ሲል ይቆይና ሥራው ምን እንደሆነ ሊገባው ሲል በክብር ወደ ቤቱ ይሸኛል። ይህ ሥርዓት ባይኖር ኖሮ ሥራው የገባው ሠራተኛ በየቢሮው እየበዛ አገር ይታወክ ነበር። በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዓመተ ምሕረት በወርኃ መስከረም ጎረቤቴን አቶ ገብረ መድኅንን ወደ ሰፈራችን የመለሰልን ይኸው ጥበብ የተሞላበት ሥርዓት ነው።

እኔ አስረስ እባላለሁ። ከንፋስ ስልክ ቁልቁል ወደ ላፍቶ ሲወረድ የሚገኘው የሠላሳ ሰባት አባወራ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። ደብዳቤ አጻጻፌ ያምራል። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር በሕዝብ ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ "አስረስ፣ ደብዳቤህ ያምራል፤ ምን ለማለት እንደፈለግህ ግን አልገባኝም" ሲል መስክሮልኛል። ምን ለማለት እንደተፈለገ ወዲያው የሚገባ ደብዳቤማ ማንም ይጽፋል።

አቶ ገብረ መድኅን በአንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ በነዚያ ዓመታት አራት ጊዜ ስሙን ስለለወጠ የቱን ልጥራው? በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ባለጉዳይ ቀና ብለው አይተው አያውቁም ይባላል። አንገታቸውን እንደደፉ "ስም?" ይላሉ። ስሙ ከመዝገቡ ላይ ከታጣ፣ "የለህም" ይሉታል።

"ኧረ ጌታዬ፣ ይኸው ፊትዎ ቆሜአለሁ!"

"መቆም ሌላ፣ መኖር ሌላ። ነገ ተመለስ።"

እንዲህ ያለ ሰው ሲሰናበት ባዶ እጁን አይሸኝም። የሽኝት ኮሚቴው ሰዓት ሊሸልማቸው ወሰነ። ነገር ግን የኮሚቴው ጸሐፊ "ሰዓት" የሚለው ቃል ለኦፊሴል ደብዳቤ ተራ ሆኖበት፣ "ጊዜን የሚይዝ፣ ለመታሰቢያነት የሚያገለግል ዕቃ ይገዛ" ብሎ ጻፈ። ግዥ ክፍል ካሜራ ገዛ። ጸሐፊውን አላውቀውም፤ ግን ወንድሜ ነው።

ጡረታ የወጡ ሰሞን አቶ ገብረ መድኅን ቤታቸውን አደራጁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፅጌረዳ ከገበያ ሲመለሱ ጓዳው ከሀ እስከ ፐ ተሰድሮ ጠበቃቸው።

"ገብሬ፣ ሽሮዬ የት ገባ?"

"ሸ ላይ ነው። ከሸንኮራው ቀጥሎ።"

"ጨውስ?"

"ጨ ገና አልተደራጀም።"

"ታዲያ ወጡን አልጫ አልጫ እያለ እንብላው?"

"ማመልከቻ አስገቢ።"

ወይዘሮ ፅጌረዳ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ሰው ማታ ማታና እሑድ እሑድ ብቻ ነበር የሚያውቁት። ሙሉ ቀን ሲመጣባቸው ግን ቻይነታቸው ሦስት ሳምንት ብቻ ሄደ። በአራተኛው ሳምንት ካሜራውን ከነሳጥኑ አምጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡላቸው። "በእመቤቴ ይዤሃለሁ ገብሬ! ይኼን ነገር ይዘህ ከቤቴ ውጣልኝ! ተራራም ይሁን ዶሮ፣ ብቻ የሆነ ነገር አንሳ!" አሉ። አቶ ገብረ መድኅን በሕይወታቸው ትእዛዝ ጥሰው አያውቁምና ወጡ።

አጥሩ ጥግ ቆመው በካሜራዋ ቀዳዳ ሲመለከቱ ነው ያገኘኋቸው። አፋቸው ተከፍቷል።

"አስረስ፣ ያ ምንድን ነው?"

"የቱ?"

"ያ ትልቁ፣ ሰማያዊው።"

"የፉሪ ተራራ ነዋ!"

"መቼ መጣ?"

"ኧረ ጋሽ ገብረ መድኅን! ተራራ ይመጣል እንዴ? ዱሮም እዚያው ነበር።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ መንገድ ተመላልሻለሁ እኮ!" አሉና እንደ ልጅ ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ጥርሳቸው ፍንጭት ኖሯል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውዬው ለየላቸው። የጎረቤት ቆርቆሮ ሲያብለጨልጭ ቆመው ያያሉ፤ የተሰጣ በርበሬ አይተው "ቀዩን እየው! ቀዩን እየው!" ይላሉ፤ ሚኒባስ ሊደፈጥጣቸው ሲል እንኳ "እንዴት ያለ ሰማያዊ ነው!" እያሉ ነው የሚሸሹት። ደስታቸው ደስ አሰኘኝ፤ በጥርጣሬም አየሁት። በሃምሳ አምስት ዓመቱ ቀለም የታየው ሰው አንድ ነገር ሳያስከትል አይቀርም።

ካሜራ የጫረውን ቡሩሽ አባሰው። ሸራ የሚባል ነገር ስላልነበራቸው ከመሥሪያ ቤት ተወግደው ቤት ባመጧቸው የፋይል ሽፋኖች ላይ መሣል ጀመሩ። ቀለሙም ከአጥር የተረፈ ቀይ፣ ከመስኮት የተረፈ አረንጓዴና የልብስ ሰማያዊ ነበር። መጀመሪያ የሣሉት ባለቤታቸውን ነው። ወይዘሮ ፅጌረዳ ሥዕሉን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ተመለከቱ።

"ይቺ ማናት?"

"አንቺ ነሽ።"

"ምን በድዬህ? አፍንጫዬስ የታለ?"

"ቁጥር ሁለት ፋይል ላይ ይቀጥላል።"

የሰው ፊት እንደማይሆንላቸው ያን ጊዜ ተረዱ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያላዩትን ፊት ከየት ያምጡት? ስለዚህ ወደ ቤቶች ዞሩ። ቤት አይቀየምም፣ አይነቃነቅም፣ አፍንጫዬ የታለ አይልም። የሰፈሩን ሠላሳ ሰባት ቤቶች አንድ በአንድ በካሜራ ሊይዙ፣ ከዚያ እያዩ ሊሥሉ ወሰኑ። ኅዳር ነበርና ሰማዩ ጠርቷል።

የመዝገብ ቤት ሰው ግን ዝም ብሎ አይሠራም። ባለ ሠላሳ ስድስት ፊልም አጎረሱ፣ ደብተር ያዙ፣ የእያንዳንዱን ቤት ባለቤት ስም መዘገቡ። አንዱን ቤት ሁለት ጊዜ እንዳይደግሙ ደግሞ ሥራው የተጠናቀቀበትን ቤት በር ላይ በቀይ ቀለም አንድ ጭረት ይጭሩበታል። "ድግግሞሽ የመዝገብ ጠላት ነው" ይሉ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው በበሩ ላይ ቀይ ቀለም ሲያይ ምን እንደሚያስብ አልታያቸውም። ያየሁት እኔም ብሆን አስተዋይ ነኝና ዝም አልኩ።

የመጀመሪያዋ ቤት የወይዘሮ ተሾመች ነበረች። ወይዘሮ ተሾመች ባሏ የሞተባት፣ ጉሊት ቸርችራ አራት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። ቤቷ የጨረቃ ቤት ነው፤ ማታ ተጀምሮ ሲነጋ ያለቀ፣ ካርታ የሚባል ነገር በሕልሙም ያላየ። አቶ ገብረ መድኅን ደብተራቸውን ይዘው፣ በቀይ ቀለም የተነከረ ቡሩሽ ጆሯቸው ላይ ሰክተው በሯ ላይ ቆሙ።

"እንደምን አደሩ ወይዘሮ ተሾመች? ቤትዎን ላነሳው ነበር የመጣሁት።"

"ምኔን?"

"ቤትዎን።"

"መቼ?"

"አሁን ነዋ። ብርሃኑ ሳያልፍ።"

"ወይኔ ልጆቼ! ልጆቼስ ምን ይሁኑ?"

"ልጆቹን አልፈልግም። ይውጡልኝ። ቤቱን ብቻ ነው የማነሳው።"

"እባክዎ ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ አንድ ሳምንት እንኳ ይስጡኝ!"

"ሳምንት ካለፈ ፀሐይዋ ትዞርብኛለች።"

"ለመሆኑ ማነው ያዘዘዎት?"

አቶ ገብረ መድኅን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ማንም አላዘዘኝም። ከውስጥ የመጣ ነው።"

ከውስጥ! ከውጭ በመጣ ትእዛዝ ላይ አቤት ይባላል፤ ከውስጥ የመጣን ትእዛዝ የት ሄደው አቤት ይሉበታል? ልጆቿን ሰብስባ ወጣች፣ ፊቷን በነጠላ ሸፈነች። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። በሯ ላይ ቀይ ጭረት ተጫረ። "በጣም አመሰግናለሁ፤ ሲነሳ ያምራል" ብለው አቶ ገብረ መድኅን ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ። ወይዘሮ ተሾመች ነጠላዋን ገልጣ ስታይ ቤቷ ቆሟል። ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራት፤ ቀጠሮ የተያዘለት መሰላት።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። እስከ ቀትር ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ መንገድ ሊወጣ ነው፣ ፋብሪካ ሊተከል ነው፣ ገብረ መድኅን ጡረታ የወጡት ለማስመሰል ነው ተባለ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለአቶ ገብረ መድኅን ስጦታ ይጎርፍ ጀመር። አንዱ ማር፣ አንዱ ሙክት፣ አንዷ እንቁላል።

"ገብሬ፣ ይኼ ሁሉ እንቁላል ምንድን ነው?" አሉ ወይዘሮ ፅጌረዳ።

"ለጥበብ ያመጡት ነው። ይህ ሕዝብ ሥዕል ይወዳል፤ እኛ ነን ያላወቅነው።"

"ጥበብ እንቁላል ይበላል?"

"አየሽ፣ አንቺ ብቻ ነሽ ያልገባሽ።"

ባለሱቁ ጀማሉዲን አራት ኪሎ ስኳር ተሸክሞ መጣ። "ጋሽ ገብረ መድኅን፣ የኔን መጨረሻ ላይ ቢያነሱት ምናለ? ዕቃዬን ላሽሽ" አላቸው። እሳቸውም ዕቃው ቢኖር ይሻላል፣ ቀለም ይሰጣል አሉት። ጀማሉዲን ዕቃው ጭምር ሊወረስ ነው ብሎ ሲቆጥረው አደረ። በማግሥቱ ግን ሌላ ወሬ ደረሰው፦ የሚነሳ ሰው ለቡ ላይ ምትክ ቦታ ይሰጠዋል፣ ቦታውም በቤቱ ልክ ነው ተባለ። ጀማሉዲን አንድ ቀን ተኩል ሳይተኛ ከሱቁ ጎን ሌላ ክፍል አቆመ። ሦስተኛው ቀን ላይ አቶ ገብረ መድኅንን እጃቸውን ይዞ ወሰዳቸው።

"ይቺንም ጨምረው ያንሱልኝ።"

"ይቺ ምንድን ናት?"

"ወጥ ቤት ናት።"

"ጣራ የላትም እኮ!"

"ጋሼ፣ ለሚነሳ ቤት ጣራ ምን ያደርጋል?"

አቶ ገብረ መድኅን ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "አስረስ፣ ይህ ሰው ጥበብ ገብቶታል። ጣራ ምን ያደርጋል አለኝ! እኔ ለምን አልታየኝም?" ብለው በዚያን ሰሞን ፎቶው እስኪታጠብ ሳይጠብቁ ቤቶችን ሁሉ ያለ ጣራ ሣሉ። ያዩ ሰዎች መፍረሱ መጀመሩን አረጋገጡ።

እሑድ ዕለት እድራችን አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። አቶ ገብረ መድኅን አልተጠሩም። ወይዘሮ ተሾመች ቆማ፣ "እኔ ሌላ ቤት የለኝም፤ ዘመድም የለኝም። ቤቴ ከተነሳ ከነልጆቼ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነኝ" ስትል ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። አቤቱታ እንድጽፍ ተወሰነ። ስለ ካሜራው ባውቅም የተጠየቅሁት ደብዳቤ እንጂ ምስክርነት አልነበረም። ጻፍኩ። ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ገባ፤ ቀበሌ ለወረዳ፣ ወረዳ ለዞን አስተላለፈው። እንዲህ ያለ የማንሳት ዕቅድ ማንም ዘንድ ስላልነበረ ማንም "አናውቅም" ለማለት አልደፈረም።

ረቡዕ ዕለት አቶ ገብረ መድኅን ከሳሪስ ፎቶ ቤት ሲመለሱ ስለ አቤቱታው ሰሙና ከፍቷቸው እድር ቤት ድረስ መጡ። ሠላሳ ስድስት ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉ። ሰው ተጠጋ። ከዚያ ወይዘሮ ተሾመች አንዱን አንስታ ወደ ብርሃን ወሰደችው።

"ይኼ የኔ ቤት ነው?"

"አዎ።"

"እንዲህ ያምራል እንዴ?"

"እኔም ሳነሳው ነው ያወቅሁት" አሉ አቶ ገብረ መድኅን።

"ማንሳት ማለትዎ... ፎቶ ማንሳት ኖሯል?"

"ታዲያ ምን መሰልዎት?"

እልልታው ቀለጠ! ሰው ተቃቀፈ፣ የተሸሸገ ዕቃ ወጣ፣ የራሱን አጥር ፎቶ ላይ ሲያይ "ይቺ ጠማማ እንጨት!" እያለ የማይስቅ አልነበረም። አኩርፎ የቀረው ጀማሉዲን ብቻ ነው። "እንግዲያው ወጥ ቤቴስ?" አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል፤ በብዙ ስሚንቶ የተሠራች ወጥ ቤት ናት። በዚህ መካከል አንድ ሰው፣ "የራስዎ ቤት ፎቶ የታለ ጋሼ?" ብሎ ጠየቀ። "ፊልሙ አለቀ። የራሴማ የት ይሄዳል ብዬ ነው" አሉ።

አሁን የቀረው አቤቱታውን ማስተካከል ነበር። ይህ ከባድ አደራ በኔ ትከሻ ላይ ወደቀ። ደብዳቤውን ስጽፍ አንድ ቃል አስቸገረኝ፦ "ፎቶ"። ይህ ቃል የባዕድ ነው። የእድራችን ማኅተም በባዕድ ቃል ላይ አርፎ አያውቅም፤ እኔ በሕይወት እያለሁም አያርፍም። "ፎቶ" የሚለውን ከየአረፍተ ነገሩ እያወጣሁ ጣልኩት። የቀረው ንጹሕ አማርኛ እነሆ፦

"ጉዳዩ፦ በሰላም ስለተነሱ ሠላሳ ስድስት ቤቶች። በቁጥር እድ/14/90 የገለጽነው ስጋት ከመረጃ እጥረት የመነጨ ሆኖ ስላገኘነው ሰርዘነዋል። በሰፈራችን ከሚገኙት ሠላሳ ሰባት ቤቶች ሠላሳ ስድስቱ በአቶ ገብረ መድኅን አማካይነት በሰላም የተነሱ ሲሆን ነዋሪውም በመነሳቱ የተሰማው ደስታ ከፍ ያለ ነው። እስካሁን ያልተነሳው የራሳቸው የአቶ ገብረ መድኅን ቤት ብቻ መሆኑን በትሕትና እናስታውቃለን።"

ከመላኩ በፊት ለአቶ ገብረ መድኅን አሳየኋቸው። ባለሙያ ናቸውና ጥግ ጥጉን ተመለከቱ። "ቀን አለው። ቁጥር አለው። ጥሩ ነው" አሉ። ያለውን ማንበብ ሙያቸው አልነበረም።

ለወትሮው ከላይ መልስ የሚመጣው ጠያቂው ከሞተ በኋላ ነው። ይህኛው በዘጠኝ ቀን መጣ፤ ያን ጊዜ ነበር መደንገጥ የነበረብን። ለካ በበላይ አካል የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ "የተነሱ ቤቶች ብዛት" የምትል አንዲት ዓምድ ነበረችና ባዶዋን ኖሯል የምትቀመጠው። የኔ ደብዳቤ ሞላት። ሠላሳ ስድስት ከሠላሳ ሰባት፤ ዘጠና ሰባት ነጥብ ሦስት በመቶ! ያለ በጀት፣ ያለ ዶዘር፣ ያለ ለቅሶ፣ እንዲያውም በደስታ! እንዲህ ያለ ውጤት በአገሪቱ ታይቶ አይታወቅም። ያቺ ሁለት ነጥብ ሰባት ግን ዓይን ትወጋለች።

መልሱ አጭር ነበር። የነዋሪው ትብብር ለሌሎች አርአያ እንደሆነ ገልጦ፣ ቀሪው የአቶ ገብረ መድኅን ቤት እስከ መጪው ሐሙስ ተነስቶ ዕቅዱ መቶ በመቶ እንዲጠናቀቅ፣ እምቢ ካሉም በዶዘር እንዲነሳ ያዛል።

አቶ ገብረ መድኅን ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበቡት። "ቀን አለው። ቁጥር አለው" አሉ። ያን ቤት በዐሥራ አንድ ዓመት ነው የሠሩት፤ አንድ ዓመት መሠረት፣ አንድ ዓመት ግድግዳ፣ ዘጠኝ ዓመት ደመወዝ መጠበቅ። አሁን ሊፈርስ ነው፣ ምክንያቱም አላነሱትም። ወይዘሮ ፅጌረዳ ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩ። "አንተን ነበር ማንሳት!" አሉ። ጥፋት የለብኝም፤ ቋንቋ ነው የጠበቅሁት። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ አዝኛለሁ፣ እውነቴን ነው።

ለሦስት ቀን ተሯሯጥን። ቀበሌ "ከወረዳ ጠይቁ" አለን፣ ወረዳ "ከላይ ነው"፣ ላይ ያሉት ደግሞ "ከታች በቀረበልን ደብዳቤ መሠረት ነው" አሉ። ፎቶ የሚለውን ቃል ጨምሬ ሦስተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። ቁጥሩ ከተዘጋ ፋይል ጋር ስለሆነ አንቀበልም አሉኝ።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ምትኩ መጡ። ከላይ የተላኩ ተቆጣጣሪ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ቅጽ፣ በሌላው እስክሪብቶ፣ ከኋላቸው የሚያጓራ ቢጫ ዶዘር። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ መንገዱን ሞላው። አቶ ምትኩ ከቅጹ ላይ ቀና አላሉም።

"ሠላሳ ስድስቱ ቤቶች ተነስተዋል። አንድ ቀርቷል። የቱ ነው?"

"ጌታዬ፣ ማንም አልተነሳም!" አሉ አቶ ገብረ መድኅን። "ይኸው ሁሉም ቆመዋል። እባክዎ ቀና ብለው በዓይንዎ ይዩ!"

"እዚህ ላይ ተነስተዋል ይላል። ማኅተም አለው። ዓይኔ ማኅተም የለውም።"

አቶ ገብረ መድኅን የገዛ ድምፃቸውን የሰሙ ያህል ወደ ኋላ ተንገዳገዱ። ወይዘሮ ተሾመች ሰው ገፍታ ወጣች።

"ጌታው፣ እኔስ? ያውልዎ ቤቴ! ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት፤ ጢሱ አይታይዎትም?"

አቶ ምትኩ ቅጹን በጣታቸው ተከትለው ስሟን አገኙ። "እርስዎ በሰላም ተነስተዋል እናቴ። ደስታዎም ተመዝግቧል።"

"ፎቶ ነው ያነሳሁት! ፎቶ!" ጮኹ አቶ ገብረ መድኅን።

"ፎቶ የሚል ቃል ደብዳቤው ላይ የለም።"

ሰፈሩ ሁሉ ወደኔ ዞሮ አየኝ። ጫማዬን አየሁ፤ ጫማዬ መጥረግ ያስፈልገው ነበር።

የዶዘሩ ሹፌር ማርሽ አስገባ። አጥሩ ጥግ የነበረችው የጽጌረዳ አበባ ተደፈጠጠች። ያን ጊዜ አቶ ገብረ መድኅን እጃቸውን ዘርግተው በራቸው ላይ ቆሙ። እኔም ሄጄ ከጎናቸው ቆምኩ። ጀማሉዲን ተከተለኝ፣ ወይዘሮ ተሾመችም ከነልጆቿ። አቶ ምትኩ ተጨነቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቅጽ የያዙ ሰው ናቸው።

"ስሙኝማ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እኔ ሐሰት የማልጽፍ ሰው ነኝ። ቅጹ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ነው ያለው፦ ተነስቷል፣ አልተነሳም። ተነስቷል የሚለው ላይ በእውነት ምልክት ማድረግ ብችል ይህን ዶዘር ይዤ አሁኑኑ እመለስ ነበር። ግን በእውነት መሆን አለበት።"

ወይዘሮ ፅጌረዳ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም፤ ወገባቸውን ያማቸዋል። ወደ ቤት ሮጠው ገቡ፣ ካሜራዋን ይዘው ወጡ፣ ዶዘሩ አፍንጫ ላይ ቆሙ።

"ገብሬ! ፈገግ በል!"

ቀጭ።

"ተነሳ!" አሉ።

"ምኑ?" አሉ አቶ ምትኩ።

"ቤቱ! እኔ ራሴ አነሳሁት። በእመቤቴ እምላለሁ፣ ቤቱ ተነስቷል!"

አቶ ምትኩ እስክሪብቷቸውን አየር ላይ እንዳንጠለጠሉ ወደኛ ዞሩ። "እውነት ተነስቷል?"

"ተነስቷል!" አልን በአንድ ድምፅ። ሠላሳ ስድስት አባወራ ከነሚስቱ፣ ከነልጁ ጮኸ። ሹፌሩ ሳይቀር "አዎ፣ ሲነሳ አይቻለሁ" አለ። አቶ ምትኩ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሰው ምልክት አደረጉ፤ ሠላሳ ሰባት ከሠላሳ ሰባት። ካሜራዋ ውስጥ ፊልም አልነበረም። ይህን አልነገርናቸውም፤ ቅጹም አይጠይቅም።

ከዚያ በኋላ ምን ሆንን ብትሉ፣ ያበድን መሰልን። ጀማሉዲን ከሱቁ ለስላሳ በሳጥን አወጣ፤ ልጆቹ ዶዘሩ ላይ ወጡ፤ አቶ ገብረ መድኅን ግድግዳቸውን በመዳፋቸው እየደበደቡ እንባና ሳቅ ተቀላቀለባቸው። ባለቤታቸውን በሰው ፊት ግንባራቸውን ሳሟቸው፤ በሰፈራችን ታሪክ ይህ የመጀመሪያው ነው። አቶ ምትኩም ሥራቸው መቶ በመቶ የተሳካ ሰው ናቸውና ሻይ ይጠጡ ዘንድ ተለምነው ወደ ተነሳው ቤት ገቡ፣ በተነሳው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ሻዩን ሲያነሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። ግድግዳው ላይ አቶ ገብረ መድኅን በዐሥራ ሁለት የፋይል ሽፋን ገጣጥመው የሣሉት ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ሠላሳ ሰባቱም ቤቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ያለ ጣራ፣ ከኋላቸው ሰማያዊው የፉሪ ተራራ፣ ከፊታቸው የተሰጣ በርበሬ፣ ደጃፍ ላይ አፍንጫ የሌላቸው ደጋግ ሰዎች። አቶ ምትኩ ብርጭቋቸውን መልሰው አስቀመጡ። ብዙ ጊዜ አዩት። አቶ ገብረ መድኅን ትንፋሻቸውን ይዘው ቆሙ፤ ሥዕላቸውን እንዲህ ቆም ብሎ ያየላቸው ሰው አልነበረም።

"ይህ የት ነው?" አሉ አቶ ምትኩ በለሆሳስ።

"እዚሁ ነው ጌታዬ። ሰፈራችን ነው።"

ከውጭ የልጆቹ ጩኸትና የወይዘሮ ተሾመች ሳቅ በመስኮቱ ይገባል። አቶ ምትኩ ግራ እጃቸውን ወደ መስኮቱ ዘርግተው፣ "እባካችሁ ዝጉልኝ፤ ጫጫታው ሥዕሉን በደንብ እንዳላይ አደረገኝ" አሉ። ተዘጋላቸው። ቆባቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ፣ ራሳቸውንም ነቀነቁ።

"እንዴት ያለ ሰፈር ነበር!" አሉ። "ምነው ሳይነሳ አንድ ቀን መጥቼ ባየሁት ኖሮ!"